በሐይቁ ዳር የተቀበረው መስመር

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን አንዲት ጎረቤቴ፣ «ለመሆኑ ያ ሁሉ ዓመት ሥራሽ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ አጥር ለአጥር ስንኖር ጠዋት በባጃጅ ስወጣ፣ ማታ አቧራ ለብሼ ስመለስ ታየኛለች እንጂ የምሠራውን አታውቅም።

«መፍራት ነበር» አልኋት።

ሳቀች። እኔ ግን እየቀለድሁ አልነበረም።

የነዳጅ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ነበርሁ። ባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ያሉ የነዳጅ ዴፖዎች፣ ማደያዎችና ለጀልባ ነዳጅ የሚቀዳባቸው ቦታዎች የደኅንነት ደንቡን መጠበቃቸውን አያለሁ፤ ካልጠበቁ አሽጋለሁ። ነዳጁ በቦቴ ይመጣል። ከቦቴው በቧንቧ ወደ ታንከር ይገባል፣ ከታንከሩ ደግሞ በሌላ ቧንቧ ይወጣል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ትልቁን ታንከር ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ቧንቧው ነበር። ታንከር ቢያፈስ ይታያል። መሬት ውስጥ የተቀበረ መስመር ቢያፈስ ማን ያየዋል?

መፍራትን ያስተማሩኝ ጋሽ ወልዱ ናቸው። በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ በነዳጅ ማራገፍ ሥራ ቆይተው፣ ኋላ ባሕር ዳር መጥተው የቀሩ ሰው ነበሩ። ከኮሌጅ ወጥቼ እንደተቀጠርሁ ከእሳቸው ጋር አሰማሩኝ። የመጀመሪያ ቀን የናይሎን ሸሚዝ ለብሼ ብመጣ በር ላይ አቁመው፣ «ሂጂና ጥጥ ለብሰሽ ነይ» አሉኝ። የተቆጡ መስሎኝ ቤቴ ሄጄ አለቀስሁ። ናይሎን ሲታሽ ትንሽ ብልጭታ እንደሚፈጥር፣ ነዳጅ ባለበት ደግሞ ትንሽ የሚባል ብልጭታ እንደሌለ ያስረዱኝ በማግሥቱ ነው።

ዴፖ ስንደርስ ጋሽ ወልዱ ወደ ቢሮ አይገቡም። ሥራ አስኪያጁ ሻይ ይቅረብ እያለ በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ በአንገታቸው ሰላም ብለውት ያልፉና ቧንቧውን ከቦቴ ማራገፊያው ጀምረው በእግራቸው ይከተሉታል። መጋጠሚያ በደረሱ ቁጥር ጎንበስ ብለው ከሥሩ በእጃቸው ጀርባ ይዳብሱታል። በመዳፋቸው አይነኩም። «መዳፍ ደንድኗል፤ ትንሿን እርጥበት የሚያውቀው የእጅ ጀርባ ነው» ይሉኝ ነበር። ከዚያ በቆርቆሮ የያዙትን የሳሙና ውሃ በብሩሽ ይቀቡታል፤ አረፋ ከነፋ በዚያ በኩል ያፈሳል ማለት ነው። ቧንቧው መሬት ውስጥ ከገባ በነሐስ ዘንግ አፈሩን ይወጉና ዘንጉን አውጥተው ያሸቱታል። ብረት ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ እሳት ይተፋል፣ ነሐስ አይተፋም። ሻይ የሚጠጡት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም ካለቀላቸው።

አንድ ጊዜ ፀሐዩ አናቴን ሲበሳኝ፣ «ጋሽ ወልዱ፣ ይኼ መስመር እኮ ባለፈው ወር ተፈትኗል ይላል ወረቀቱ» አልኋቸው።

«ወረቀት አያፈስማ፣ ልጄ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ትልቁን ነገር የነገሩኝ ጎርጎራ ላይ ነው። ለጀልባዎች ቤንዚን የሚቀመጥበት መጋዘን ወለሉ ጎድጎድ ያለ ነበር፤ ልገባ ስል ክንዴን ያዙኝ። «የቤንዚን ትነት አየር ይመስልሻል። ውሃ ነው ብለሽ አስቢው። ወደ ታች ይወርዳል፣ ጎድጓዳ ይፈልጋል፣ እዚያ ተኝቶ ይጠብቃል። ከላይ ለክተሽ የለም ብትዪ ከታች አለ።» የጋዝ መለኪያውን ቱቦ እስከ ወለሉ ሲያወርዱት መለኪያው ጮኸ። እኔ በቆምሁበት ምንም አይሸትም ነበር።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ወንበራቸው ለእኔ ደረሰኝ፤ ፍርሃታቸውም አብሮ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ጠዋት መሪጌታ ልሳነወርቅ የሚባሉ አዛውንት ቢሮዬ በመጡ ጊዜ ነው። በሐይቁ ዳር ባለ አንድ ደብር የሚያገለግሉ ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ የጉድጓዳችን ውሃ ታሟል» አሉኝ።

«እንዴት ታመመ፣ የኔታ?»

«በቅሉ ስንቀዳው ከላዩ ላይ ቀስተ ደመና ይሠራል። ሽታው የፋኖስ ሽታ ነው። ከእኛ በላይ ያለው የእናንተ ዴፖ ነው ብለው ካህናቱ ላኩኝ።»

ዴፖው የእኛ አልነበረም፤ የአንድ ነጋዴ ነው። ያኔውኑ ግን ተነሥቼ ሄድሁ። የቦቴ ማራገፊያው ከላይ በመንገዱ በኩል ነው። ታንከሮቹ ወረድ ብለው፣ ደንገል ከሚበቅልበት ረግረግ አጠገብ ናቸው። ሁለቱን የሚያገናኘው ቧንቧ ተቀብሮ ቁልቁል ይወርዳል፣ መካከል ላይ እንደ ጋማ ከብት ጀርባ ሰርጎድ ብሎ ዝቅ ይላል፣ እንደገና ከፍ ብሎ ታንከር ይገባል። አንድ ጊዜ ቤንዚን፣ አንድ ጊዜ ናፍጣ ይሄድበታል።

መስመሩን በእግሬ ተከተልሁት። ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ሣሩ ቢጫ ሆኗል። ዘንጉን ወግቼ አወጣሁና አሸተትሁ። ያለ ጥርጥር ነዳጅ ነው። ሁለቱን ጫፍ አዘግቼ ግፊት አስጨምሬ የግፊት መለኪያው ፊት ተቀመጥሁ። መርፌው ዝም ብሎ ቆየ፤ ደስ ሊለኝ ሲል ወረደ። አስደገምሁት፤ እንደገና ወረደ። ያን ጊዜ የታየኝ ጉድጓዱ ብቻ አልነበረም። ከጉድጓዱ ወዲያ ሐይቁ አለ፤ ሐይቁን ደግሞ ዓሣ አጥማጁም፣ እንስራ ተሸካሚዋም፣ ከብቱም ይጠጣዋል።

ሁለቱንም ቫልቮች በሽቦና በእርሳስ ማኅተም አሸግሁ። የዴፖው ሥራ አስኪያጅ አቶ ብርሃኔ ኋላ ኋላዬ እየተከተለ፣ «ወይዘሮ ይርገዱ፣ ከተማው እኮ ነዳጅ የለውም! በዓል ደርሷል! ከበዓል በኋላ እናስቆፍረዋለን» ይለኛል። ክፉ ሰው አልነበረም። ትሑት፣ ሥራውን የሚወድ፣ ነገር ግን ስልክ በተደወለለት ቁጥር ፊቱ የሚገረጣ ሰው ነበር።

እኔ ቢሮ ሳልደርስ ወሬው ኃላፊዬ ዘንድ ደርሷል። «አንዲት ጠብታ ፈሰሰች ብለሽ ከተማ ታቆሚያለሽ?» አለኝ። እውነትም በየማደያው የተሰለፈው መኪና መንገድ ዘግቶ ነበር። ማኅተሙን ራሴ እንድፈታ፣ ካልሆነ ሌላ ሰው ልኮ እንደሚያስፈታ ነገረኝ። «አልፈታም» አልሁት።

በማግሥቱ እኔ እዚያው ሳለሁ መሪጌታ ልሳነወርቅ ሦስት ካህናት አስከትለው ኃላፊዬ ቢሮ ገቡ። የውሃ ጠርሙስና አንድ ብርጭቆ ይዘዋል። ጠርሙሱን ከፍተው ብርጭቆውን ሞሉና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ይቅመሱት» አሉት።

«አባቴ፣ እኔ እኮ...»

«እኛ ዘንድ በእንግድነት ቢመጡ የምናቀርብልዎ ይህንን ነው። ይቅመሱት።»

ኃላፊዬ ብርጭቆውን አንስቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «እንደታሸገ ይቆይ። ይጠገን» አለኝ። ካህናቱ ሲወጡ በደስታ በር ድረስ ሸኘኋቸው። ከባዱ ያለፈ መስሎኝ ነበር።

ጥገናውን ዴፖው ለሙላት ሰጠው። ሙላት በከተማው ካሉ በያጆች ሁሉ የምተማመንበት ነው። ብዙ ሥራ ላይ ተገናኝተናል። እሳት ከማስነሳቱ በፊት መለኪያውን ራሱ ካላየ አይጀምርም፤ «እትዬ፣ አሳዩኝ፤ ሦስት ልጆች አሉኝ» እያለ ይስቃል። እኔም፣ «በሌላ ሰው ቃል እሳት እንዳታነሳ፤ ከጠረጠርህ ደውልልኝ» እለው ነበር።

ሥርዓቱ ግልጽ ነው። ነዳጁ ይፈሳል። ቧንቧው በውሃ ይታጠባል። ሁለቱም ጫፍ ተፈትቶ በድፍን ብረት ይዘጋል። ዝቅተኛው ቦታ ተከፍቶ ጋዝ ይለካል። ይህ ሁሉ ሲሆን ብየዳ ይፈቀዳል፤ የሚፈቅደውም ተቆጣጣሪው ነው። ማፍሰሱና ማጠቡ ቀናት ስለሚወስድ ኃላፊዬ በመካከሉ ወደ ጎርጎራ ላከኝ፤ እዚያም የቤንዚን በርሜሎች ያፈሳሉ የሚል ጥቆማ መጥቶ ነበር።

ጎርጎራ ጨርሼ ጀልባ ልሳፈር ስል አቶ ብርሃኔ ደወለ። «ታጥቧል፣ ተለክቷል፤ መለኪያው ዜሮ ነው። እንጀምር?»

«የት ላይ ለካችሁ?»

«በማራገፊያው ጫፍ።»

«እሱ ላይኛው ጫፍ ነው። ዝቅ ያለውን ከፍታችሁ ለክታችኋል?»

«ያው አንድ መስመር አይደል?» አለ።

«አቶ ብርሃኔ፣ አትጀምሩ። ከታች ውሃ ያላወጣው ቤንዚን ይኖራል። ዛሬ እመጣለሁ፤ እኔ ሳልደርስ እሳት እንዳይነካው።»

«እሺ፣ እሺ» አለ። ሁለተኛው «እሺ» አላማረኝም። ለማን ልደውል ብዬ ሳስብ ጀልባው ተነሳ፤ ከወደቡ ራቅ እንዳልንም ኔትወርኩ ጠፋ።

ሐይቁ ላይ ስንት ጊዜ ስልኬን እንዳየሁ እግዜር ይወቀው። ከጎኔ የተቀመጠች የጥጥ ነጋዴ፣ «ሰው ታሞብሽ ነው?» አለችኝ። «አይ፣ ሥራ ነው» አልኋት። ቀኑ ብሩህ ነበር፤ ውሃው ጸጥ ብሏል። ያ ጸጥታ ራሱ አስጨነቀኝ። ሰውን የሚያረጋጋ ነገር ባየሁ ቁጥር ይበልጥ እፈራ ነበር።

ባሕር ዳር ከሩቅ መታየት ስትጀምር ስልኬ በአንዴ ይንጫጫ ጀመር። ሙላት ደውሎ ነበር የሚሉ መልእክቶች ናቸው፤ ደጋግሞ ደውሏል። መልሼ ደወልሁ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና ደወልሁ። ያን ጊዜ ከጀልባው ፊት የተቀመጠ ሰውዬ ተነሥቶ፣ «ያ ጭስ ምንድን ነው?» አለ። ሌላው፣ «ደንገል እያቃጠሉ ይሆናል» ሲል መለሰለት። ቀና ብዬ አየሁ። ጭሱ ጥቁር ነበር። ደንገል ጥቁር አይጨስም።

ስደርስ እሳት አደጋዎች እሳቱን አጥፍተውታል። ታንከሮቹ አልተነኩም። የተቆፈረው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ የሙላት የብየዳ መነጽር ወድቋል። እሱን ሆስፒታል ወስደውታል። ሄድሁ፤ አላስገቡኝም። ያችን ሌሊት አላደረም።

የሆነውን የነገረኝ እሳቱን ሊያጠፋ ሲሮጥ እጁ የተቃጠለ የዴፖው ዘበኛ ነው። ሙላት መጀመሪያ አልጀምርም አለ። «እትዬ ሳይመጡ አይሆንም።» አቶ ብርሃኔ፣ «አሁን ደውዬላቸው ፈቅደዋል» አለው። ሙላትም እንዲያ ከሆነ ራሳቸው ይንገሩኝ ብሎ ደወለ። አይገባም። ጉድጓዱ ዳር ቁጭ ብሎ ደጋግሞ ደወለ። በመጨረሻ አቶ ብርሃኔ፣ «ካልሠራህ ሌላ በያጅ ይመጣል» አለው። ሙላት ስልኩን ኪሱ ከቶ መነጽሩን አጠለቀ።

ለቅሶ ቤት ስሄድ ባለቤቱ ትርንጎ አጠገቧ እንድቀመጥ ቦታ ለቀቀችልኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ድምፅዋን ሳታሰማ፣ «እትዬ፣ ሲደውልልዎ ለምን አላነሡለትም?» አለችኝ። ሐይቅ ላይ ነበርሁ፣ ኔትወርክ አልነበረም የሚለው እውነት አፌ ላይ መጥቶ ቀረ። ለእሷ ምን ይፈይድላታል? እጇን ይዤ ተቀመጥሁ። እጇን አልነጠቀችኝም።

አቶ ብርሃኔ በምርመራው ላይ በስልክ ፈቅዳልኛለች አለ። ለሳምንታት ቃሌ ከቃሉ ጋር ሲመዘን ኖረ። ኮሪደር ላይ ባልደረቦቼ ሲያዩኝ ወሬ ያቋርጣሉ። ያወጣኝ ዘበኛው ነው። ፍርድ ቤት ቀርቦ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ከፍ አድርጎ ማለና፣ ሙላት ሲደውል የቆየበትን ሁሉ መሰከረ፤ ዳኛውም የተፈቀደ ነገር ከሆነ ሰውዬው ለምን ይህን ያህል ደወለ ሲሉ ጠየቁ። አቶ ብርሃኔ ያኔ አለቀሰና ሁሉንም አመነ። ተፈረደበት። እኔ ነፃ ወጣሁ ተባለ። ግን ስልክ በጠራ ቁጥር የምደነግጠው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

ሥራውን ልለቅ ወስኜ ጋሽ ወልዱ ቤት ሄድሁ። አርጅተዋል፤ ግቢያቸው ውስጥ የብርቱካን ችግኝ ሲያጠጡ አገኘኋቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። ሁሉንም ከሰሙኝ በኋላ የጠየቁኝ እንዲህ ብለው ነው፤

«ሰውዬው እምቢ ቢል ኖሮ ምን ያገኘው ነበር?»

«ሥራውን ያጣል። ሌላ ያመጡ ነበር።»

«ሌላውስ እምቢ ቢል?»

«እሱም እንደዚያው።»

«እንግዲህ ይህ ሰው እምቢ የማለት መብት አልነበረውም። ፈቃድ መጠየቅ ብቻ ነበር የተሰጠው፤ ፈቃጇ ደግሞ ሐይቅ ላይ ናት።» ውሃ ማጠጫውን አስቀመጡ። «አንቺ ለቀሽ ብትሄጂ ደንቡ እንዳለ ነው የሚቆየው። ሄደሽ ደንቡን ቀይሪው፤ ከዚያ መልቀቅ ከፈለግሽ ልቀቂ።»

ተቆጣሁ። ሳልሰናበት እንኳ ከቤታቸው ወጣሁ። ነገር ግን በማግሥቱ ጠዋት ኃላፊዬ በር ላይ ቆሜ ነበር። እሱም ከአደጋው ወዲህ ተለውጦ ነበር፤ ያን የውሃ ብርጭቆ የረሳው አይመስለኝም። የሚለወጠው ነገር ሁለት ነው አልሁት። አንደኛ፣ ተቆጣጣሪ በአካል ቆሞ ዝቅተኛውን ቦታ ራሱ ሳይለካ የነዳጅ መስመር ላይ ብየዳ የለም፤ የስልክ ፈቃድ የሚባል ነገር አይኖርም። ሁለተኛ፣ በያጁ ከተጠራጠረ መሣሪያውን ያስቀምጣል፤ ላስቀመጠበት ቀን ክፍያው አይቀነስም፣ በእሱ ምትክም ሌላ በያጅ አይገባም። ባለ ዴፖዎቹ ጮኹ። ሥራ ታስቆማላችሁ፣ በያጅ ሁሉ ሰነፍ ይሆናል አሉ። ስብሰባ በስብሰባ ላይ ሆኖ ብዙ ተጎተተ፤ በመጨረሻ ግን ጸደቀ። የሐይቁ ዳር መስመርም ተቆፍሮ ወጣ፤ አዲሱ ከመሬት በላይ፣ በሲሚንቶ እግሮች ላይ፣ ከረግረጉ ርቆ ተዘረጋ። ማንም መንገደኛ ቆሞ ሊያየው ይችላል።

እኔ ግን ደንብ ጸደቀ ብዬ አላረፍሁም። ወረቀት ላይ ያለ መብት ሰው ላይ ሲጮኹበት ይቆማል ወይ? ይህን የሚያውቅ ማንም አልነበረም።

ያወቅሁት ጡረታዬ ሲቃረብ ነው። በጎንደር መንገድ ካለ ዴፖ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ደውሎ ጮኸብኝ። «በያጁ ሥራ አቁሞ ተቀምጧል! ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል፤ ከትናንት ጀምሮ ታጥቧል፤ እሺ አይልም!»

«ምን አለ?»

«ተቆጣጣሪ ይምጣ ነው የሚለው።»

«ደግ አደረገ። እየመጣሁ ነው» አልሁና የመሥሪያ ቤቱ መኪና ባለመኖሩ በኪራይ መኪና ሄድሁ። መንገዱን ሁሉ ሳስብ ነበር፤ ከመድረሴ በፊት ያስገድዱት ይሆን? ሌላ ሰው ያስገቡ ይሆን?

በያጁ ጌትነት የሚባል፣ ጠይም፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ግራር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ክንዱን አጣምሯል። የብየዳ ገመዱን ነቅሎ ጠቅልሎ እግሩ ሥር አስቀምጦታል። ሥራ አስኪያጁ ፀሐይ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። «ይኸው ሰነፉ» አለኝ።

ጌትነት ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ «ሽታው አላማረኝም፣ እትዬ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» አለኝ።

ቧንቧውን በእግሬ ተከተልሁት። ዝቅ ያለውን ቦታ አስከፈትሁና የመለኪያውን ቱቦ ቀስ እያልሁ ወደ ታች አወረድሁት። መጀመሪያ ዝም አለ። ወደ ሆዱ ጠለቅ ሳደርገው ጮኸ፤ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮኸ።

ሥራ አስኪያጁ መራመዱን አቆመ። መለኪያውን አየ፣ ጌትነትን አየ፣ ከዚያም ሄዶ ግራሩ ሥር፣ ከጌትነት ጎን ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ወዝቷል። «ልጆች አሉህ?» ብሎ ጠየቀው።

«ሁለት» አለ ጌትነት።

«እኔም ሁለት» አለ ሥራ አስኪያጁ።

መስመሩ እንደገና ታጠበ። በማግሥቱ ተመልሼ ለካሁ፤ ከላይም፣ ከመካከልም፣ ከሆዱም ንጹሕ ነበር። ጌትነት መለኪያውን በዓይኑ አይቶ መነጽሩን አጠለቀ። እሳቱ ሲነሳ አጠገቡ ቆምሁ፤ ደንቡ የሚለው እንደዚያ ነው፤ ባይልም እቆም ነበር። ተበየደ፣ ቀዘቀዘ፣ በሳሙና ውሃ ፈተንነው፣ አለቀ። ሰዎቹ እጃቸውን ታጥበው ምሳ በሉ። ስለ ዋጋ ተጨቃጨቁ፣ ስለ ኳስ አወሩ።

አመሻሽ ላይ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ጫማዬን ስፈታ አይቶ፣ «ዛሬስ እንዴት ዋልሽ?» አለኝ።

«ምንም አልተፈጠረም» አልሁት።

እንዲህ ብዬ ስቅስቅ ብዬ ማልቀሴ ገረመው። ሲያባብለኝ ቆየ፤ ምን ሆንሽ ቢለኝም፣ ደጋግሜ የነገርሁት ያንኑ ነው፤ ምንም አልተፈጠረም፣ ሁሉም ቤታቸው ገብተዋል።